ዝናቡ የት ነው የዘነበው?



ሐምሌ 20 ቀን 2013 ዓ.ም ነው፤ ዒደል አድሓ ካለፈ ልክ ሳምንቱ። ረፋዱ ላይ ከግቢ ወጣ ብላ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ አምስት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። ውጭው ጉምና ካፊያ ነው። የደብረ ብርሃንን የሐምሌ ብርድ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ብርጭቆውን በሁለት እጃችን አቅፈን የቶኪዮ ኦሎምፒክን እናያለን። በእርግጥ የሁላችንም ልብ ያለው 10,000 ሜትሩ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። (ሰለሞን ባረጋ ሐምሌ 23 ወርቁን ሲወስድ የዚያች ሻይ ቤት ቆርቆሮ ሊነቀል ምንም አልቀረውም ነበር።) የዚያን ዕለት ቴሌቪዥኑ ያሳይ የነበረው ሩጫ ሳይሆን ባሕር ነው።

ባሕሩ ግራጫ ነው፤ ነፋሱ አረፋውን እያነሳ ይበትነዋል። ሁለት ሰዎች በደረታቸው ሰሌዳ ላይ ተኝተው በእጃቸው እየቀዘፉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ማዕበል ሲመጣ ዘለው ይቆሙና በላዩ ይንሸራተታሉ። ሰርፊንግ ይሉታል። ኦሎምፒክ ውስጥ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እብዶች ናቸው!» አለ አንዱ ጓደኛችን። ሌላው ቀጠለና «ወላሂ እኔ እዚህ አገር ለፈጅር ውዱእ ለማድረግ እንኳን ከነፍሴ ጋር ግማሽ ሰዓት እታገላለሁ» አለ። ሁሉም ሳቁ።

እኔ ግን ዓይኔን ከስክሪኑ ማንሳት አቃተኝ። ልቤን የያዘው ሰውየው ማዕበሉ ላይ ሲቆም አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ሲጠብቅ ነው። ሰሌዳው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ለየብሱ ሰጥቶ፣ አድማሱን ያያል። ትንንሾቹ ማዕበሎች በሥሩ ሲያልፉ አይነቃነቅም። ከዚያ ማንም ያላየውን ነገር ያየ ይመስል በድንገት መቅዘፍ ይጀምራል። ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ባሕር አይቶ የማያውቀው አባቴ ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር ልክ እንደዚያ ነው የሚቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ማንበብ ጀመርኩ። ያ የጃፓን ባሕር ዳርቻ ቺባ በሚባለው ግዛት ያለው ጹሪጋሳኪ ነው። የዚያን ቀን የነበረው ማዕበል የመጣው ኔፓርታክ ከሚባል የሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ወጀብ ነው። አዘጋጆቹ ማዕበሉ እንዳያመልጣቸው የፍጻሜውን ውድድር በአንድ ቀን ወደፊት አመጡት። ጨዋታው ሰውን ሳይሆን ሰው ጨዋታውን እንደሚጠብቅ የገባኝ ያኔ ነው። አሸናፊው ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬራ ነበር። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ የተለማመደው አባቱ ዓሣ በሚያቀዘቅዙበት ሣጥን ክዳን ላይ ነው። በፍጻሜው መጀመሪያ ላይ ሰሌዳው ለሁለት ተሰብሮበት ሌላ ይዞ ተመልሶ ገባ።

ጃፓን ውስጥ እንዲህ ዓይነቱን ማዕበል እየተከታተሉ የሚኖሩ ሰርፈሮች አሉ። በበጋቸው ማብቂያና በመኸራቸው መግቢያ ላይ ታይፉን የሚባለው ትልቅ አውሎ ነፋስ ከደቡብ ሲነሳ የአየር ትንበያውን ካርታ እያዩ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ይጓዛሉ። አውሎ ነፋሱ ራሱ የባሕሩን ዳርቻ ላይነካው ይችላል። ነፋሱ ሩቅ ቦታ ላይ ባሕሩን ይገፋዋል፤ በበረታ፣ በቆየና ሰፊ ባሕር ባገኘ ቁጥር ማዕበሉ ይተልቃል። ከዚያ ማዕበሉ ከነፋሱ ተለይቶ ብቻውን ይጓዛል። በአንዱና በተከታዩ መካከል 14 ሰከንድ ያለው ማዕበል ጉልበቱ የሚጓዘው በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሳ ወጀብ ማዕበሉ ከአንድ ቀን ትንሽ በልጦ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ዳርቻው ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ሆኖ ባሕሩ ግን ያገሳል።

ካማኩራ አጠገብ ኢናሙራጋሳኪ በሚባል ቦታ የሚደረግ አንድ ውድድር ደግሞ አለ። የሚካሄደው የታይፉን ማዕበል በበቂ መጠን ሲመጣ ብቻ ነው። ካልመጣ አይካሄድም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ከተካሄደ በኋላ እንደገና የተካሄደው በ2013 ነው፤ 24 ዓመት ሙሉ ተጠብቆ!

ሰማዩ ጥርት ብሎ ውሃው ሲያገሳ። ይህን ሳነብ ያደግኩበት ሜዳ ታወሰኝ።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከአንኮበር ተራራ ሥር፣ ከአልዩ አምባም ወርዶ ቆላው ውስጥ ነው። ማሽላና ማሾ እንዘራለን። ዝናብ እኛ ዘንድ እንግዳ ነው፤ መጥቶም ቶሎ ይሄዳል። ተራራው ላይ ግን ክረምት ክረምት ነው። ስለዚህ እኛ የምንጠብቀው የእኛን ዝናብ ሳይሆን የሌላውን አገር ዝናብ ነው። ደጋው ላይ ዶፍ ሲወርድ ውሃው በገደሉ እየተምዘገዘገ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ይመጣል፤ ደራሽ ውሃ የምንለው። የአገሩ ገበሬ ወንዙ ዳር በድንጋይ፣ በእሾህና በአፈር ክትር ሠርቶ ውሃውን ከመንገዱ እየመለሰ በቦይ ወደ እርሻው ያስገባዋል። ራያ ቆቦ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህንን ሥራ «ጠለፋ» ይሉታል፤ ጎርፉን ከመንገዱ ይጠልፉታልና። አንድ ሁለት ጊዜ በደንብ የጠጣ መሬት ማሽላውን እስከ ፍሬ ያደርሳል። ያመለጠው ውሃ ግን አመለጠ። ከእኛ አልፎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ደርሶ እዚያው ይቀራል።

ደራሽ ውሃ ቀጠሮ አይሰጥም። አባባ ከዐስር ሰላት በኋላ ቤቱ ደጃፍ ካለች ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ተራራውን ያያሉ። ደመናው የቆመው በየትኛው ገደል አፍ ላይ ነው? ጥቁር ነው ወይስ አመድማ? ሌሊት ከሆነ መብረቁን ይቆጥራሉ፤ ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ። (ሦስት ሰከንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር እንደሆነ እኔ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ እሳቸው «ሱብሐነላህ» እያሉ ነው የሚቆጥሩት፣ ውጤቱ ግን ብዙም አይራራቅም።) ከዚያ ቀዝቃዛ ነፋስና የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ። «ደረሰ!» የሚል ጩኸት ከመንደር መንደር ይተላለፋል፤ ወንዱ ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ሜዳ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከብ ሞልቶ እያለ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ላይኛው ክትር አጠገብ የመጠበቅ ተራው የእኔ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ድምፁን እንደሰማህ መጮህ። ስልኬን እያየሁ አመሸሁ፤ ባትሪው ሲያልቅ ጋቢዬን ተከናንቤ ጋደም አልኩ። የነቃሁት ውሃው ከአጠገቤ ሲያልፍ ነው። ብጮህም ሰው እስኪደርስ ክትሩ ተበጥሶ ነበር። በዚያ ዓመት ሌላ ትልቅ ውሃ አልመጣም። ማሽላው አበባ ላይ እንዳለ ደረቀ።

አባባ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። «ቀደር ነው» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከጅራፍ ይብስ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግን በቀጣዩ ጥር ወር፣ ለማንም ሳይነግር፣ ከሁለት የሠፈር ልጆች ጋር በአፋር በኩል ወጣ። የሄደው በዚያ ሌሊት ምክንያት ብቻ ነው አልልም። ሐሳቡ ከቆየ ቆይቷል፤ ደላሎችም ነበሩ፤ የሄዱ ጓደኞቹም ይደውሉለት ነበር። ቢሆንም ማሽላው ቢደርስ ኖሮ ይቆይ እንደነበር እናቴ ሁለት ጊዜ ስትናገር ሰምቻታለሁ። እኔ መኖሬን ሳታውቅ።

ከአራት ወር በኋላ ከሳዑዲ ደወለ። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ፤ በግ ይጠብቃል። ጅቡቲ ኦቦክ ከሚባለው ዳርቻ በሌሊት በጀልባ እንደተሻገሩ ነገረኝ። ባሕር ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «ከሩቅ ሳየው ሜዳ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «መሐሉ ስንደርስ ግን ልክ እንደኛ ወንዝ አገሳ። ልዩነቱ፣ የኛን ወንዝ ዳር ቆመን ነው የምንጠብቀው። እዚያ ዳር የለም።» ደላላው ነፋሱ እስኪያልፍ አልጠበቀም፤ ሌላ ጭነት ነበረበትና። ያንን ከነገረኝ በኋላ ስለ ባሕር ደግሞ አንስቶ አያውቅም።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ጓደኞቼ ሲስቁ ያልሳቅኩት ለዚህ ነው። ማዕበል የሚያሳድድ ሰውና ማዕበል የሚያሳድደው ሰው እኩል አይደሉም። አንዱ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ራሱ ይመርጣል። ሌላው ምርጫውን ለደላላ ሽጦታል።

ወንድሜ ከሄደ በኋላ እኔ ደብረ ብርሃን ተመደብኩ። ከቤታችን በላይ፣ ደመናው ከሚነሳበት አገር! ፍሬሽ ሆኜ ገና ስመጣ አንድ ነገር ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ያንን ሌሊት እክሳለሁ። ከዚህ ሆኜ ዝናቡን እያየሁ ለአባባ እደውላለሁ፤ ዳግመኛ ውሃ አያመልጣቸውም።

አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ በግቢው ላይ ያልታየ ዶፍ ወረደ። የዶርሙ ጣሪያ ድምፅ እርስ በርስ አላደማምጠን አለ። በደስታ ደወልኩ።

«አባባ፣ እዚህ ሰማዩ ተቀዷል! ተነሱ፣ ሰውም ጥሩ!»

«ማሻአላህ! አላህ ይባርክህ ልጄ» አሉኝ።

ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሱ። አሥራ ሁለት ሰው ወንዝ ዳር ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አደረ። ጠብታ አልመጣም። ጠዋት ስደውል አባባ ረጋ ባለ ድምፅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ዝናቡ የት ነው የዘነበው?»

መልሱን ያገኘሁት ከወራት በኋላ ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ካርታ ስለው ስለ ተፋሰስ ያስረዳሉ። ደብረ ብርሃን ላይ የሚዘንበው ዝናብ በበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከተራራው ጫፍ በስተምሥራቅ፣ በአንኮበር በኩል የሚዘንበው ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሸንተረር ነው። እኔ ለአባባ የደወልኩት ወደ ካርቱም የሚሄደውን ውሃ ነበር! ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ መምህሩም ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ያኔ ግን ወንዝ ዳር ቆመው ያደሩት አሥራ ሁለት ሰዎች ትዝ አሉኝና ሳቄ ተቋረጠ። ልፋትና ቅንነት ነበረኝ፤ እውቀቱ ግን አልነበረኝም። ያለ እውቀት የተሰጠ ምክር፣ በቅን ልብም ቢሆን፣ ሰውን ብርድ ላይ ያሳድራል።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን እንደ ሥራ ያዝኩት። በክረምቱ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፈተና ከሌለ፣ በሚኒባስ አንኮበር እወርዳለሁ፤ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዶርም ጓደኛዬ አጎት ጎረቤላ ቤት አላቸው፤ አላህ ይጨምርላቸውና እንደ ልጃቸው ነው የሚያስተናግዱኝ። ከዚያ ገደሉ ጫፍ ላይ ሆኜ ቁልቁል አያለሁ። ጠዋት አየሩ ጥርት ሲል ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ከቀትር በኋላ ሞቃቱ አየር ከታች እየወጣ ደመና ይሠራል፤ ጉሙ ገደሉን ይሞላዋል። ዝናቡ ከሸንተረሩ ወዲህ ነው ወዲያ? ስንት ደቂቃ ቆየ? በረዶ አለው? ይህንን በማስታወሻ እጽፋለሁ፤ አባባ ደግሞ ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንደደረሰ ይነግሩኛል። በሁለት ክረምት ውስጥ አንድ ነገር አወቅን፤ እዚያ ከዘነበ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እኛ ሜዳ ይደርሳል። የጃፓኖቹ ሰርፈሮች አንድ ቀን አላቸው፤ እኛ ሦስት ሰዓት።

ጫፉ ላይ ስቆም ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሐሳብ አለ። ይህ ቁልቁለት የዛሬ መንገድ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን አልዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማና ገበያ ነበረች። ሲራራው ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ እዚያ ይደርስ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ ልዑክም የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እነዚያ ነጋዴዎች ከደራሽ ውሃ ጋር ሳይተዋወቁ፣ መቼ እንደሚሻገሩና መቼ እንደሚሠፍሩ ሳያውቁ በዚያ በረሃ መመላለስ አይችሉም ነበር። ወንድሜ በዚያው አቅጣጫ ነው የወረደው፤ እስከ ታጁራ ባሕር። እነሱ ግን መንገዱን የሚያውቅ መሪ ነበራቸው።

ኦሎምፒኩን ባየን በአራተኛው ሳምንት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ያ ቅዳሜ መጣ። ከዐስር በኋላ ደመናው ገደሉ አፍ ላይ ቆመ፤ አልሄደም። ጥቁር ብቻ አልነበረም፤ ሆዱ አረንጓዴ መሰለኝ። ከዚያ ወረደ። በረዶ ቀላቅሎ፣ ያለማቋረጥ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ። የሰውየው ቤት በራፍ ላይ ቆሜ ደወልኩ።

«አባባ፣ መጣ። ወዲህ ነው፣ በእኛ በኩል። ትልቅ ነው።»

«ምን ያህል?»

«እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ሁሉ ይበልጣል። አሁንም አላቆመም።»

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። እኔ የጠበቅኩት «አላሁ አክበር» ብለው ወደ ወንዙ ሲሮጡ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቀን ነው፤ ዕዳዬን የምከፍልበት።

«እንግዲያው የእኛ አይደለም» አሉ። «ይለፍ።»

«ምን ማለት ነው ይለፍ? አባባ፣ መሬቱ ደርቋል እኮ!»

«ክትሩን ራሳችን እንከፍተዋለን። አሁን ከብቱንና ወንዝ ዳር ያደሩትን ሰዎች ማንሳት ነው። ጅራቱን እንይዛለን፤ ጭንቅላቱን የያዘ ሰው አላየሁም። ኢንሻአላህ።»

ተከራከርኩ። ወላሂ፣ በሕይወቴ አባቴን በዚያ ድምፅ ተናግሬአቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ኪሳቸው ከተቱትና ሰው መጥራት ጀመሩ። እኔ ብርሃን በሌለበት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። የሰው ጩኸት፣ የከብት ድምፅ፣ የድንጋይ መንከባለል፤ የገዛ ክትራቸውን ሲያፈርሱ ነው። መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። የዒሻን ሰላት ሰግጄ ደግሜ ሞከርኩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ አነሱት። አልተናገሩም፤ ስልኩን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ብቻ ያዙት። ያ ድምፅ የወንዝ አልነበረም። ወንድሜ «ዳር የለም» ያለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በማግሥቱ ቁልቁል ወርጄ አየሁት። ክትሩ ከነመሠረቱ የለም። ሁለት ትልልቅ የሾላ ዛፎች ተነቅለው ሄደዋል። ከብቶች የሚያድሩበት በረት የነበረበት ቦታ ወንዝ ሆኗል። ሰው ግን አልጠፋም፤ አንድም ከብት አልሄደም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ሲበርድ ጅራቱን በእጅ በተቆፈረ ቦይ አስገብተውት ከመሬታችን ግማሽ ያህሉ ጠጥቷል። ያ ግማሽ በኅዳር ማሽላ ሆነ።

አባባ ጭቃ በጭቃ ሆነው አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር፤ ስለ ትናንቱ ክርክር። ከአፌ የወጣው ግን ስለዚያኛው ሌሊት ነው፤ ስለ ተኛሁበት። አውቀው ዝም እንዳሉ ገባኝ።

«አንተ ክትር አጠገብ እንዳለህ ሳስብ ነበር የሮጥኩት» አሉኝ። «ማሽላው አይደለም ያሮጠኝ። አንተ ቆመህ ሳገኝህ ለአላህ ሱጁድ ወርጃለሁ፤ አላየኸኝም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ዝምታ ቁጣ ነው ብዬ ተሸክሜው ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ስለ አየር ሁኔታ ላስተምራችሁ አይደለም። ግመሉን አስሮ በአላህ ስለሚመካ ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። እኔ ለብዙ ጊዜ «ማሰሩን» ብቻ ነበር የያዝኩት፤ በትክክል ከጠበቅኩ፣ በትክክል ከደወልኩ ውሃው የእኔ ይሆናል ብዬ። ጥረቱ ግዴታ ነው። የተኛሁበት ሌሊትም ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀደርን መደበቂያ አላደርገውም። ነገር ግን ከጥረቱ በኋላ የመጣው ነገር መጠኑ የእኔ አይደለም። አንዳንዱ የሚያዝ ነው፤ አንዳንዱ የሚያልፍ። ሁለቱን ለይቶ «ይለፍ» ማለትም ራሱ ሥራ ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የከበደው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲዘንብ ጠቃሚ እንዲሆን ዱዓ ያደርጉ ነበር። ሰዎች በዛብን ብለው በመጡ ጊዜ ደግሞ ዝናቡ በእነሱ ላይ ሳይሆን በዙሪያቸው፣ በኮረብታውና በሸለቆው፣ ዛፍ በሚበቅልበት እንዲሆን ለምነዋል። ሁለቱንም ዱዓ አንኮበር ጫፍ ላይ ሆኜ አደርጋለሁ፤ አንዱን ለመሬታችን፣ አንዱን ከወንዙ ዳር ላሉት።

እዚህ ግቢ ውስጥ የመጣን ብዙዎቻችን ከኋላችን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለን። አንዳንዶቻችን በአንድ ክረምት፣ በአንድ ፈተና፣ በአንድ ጉዞ ሁሉንም ዕዳ ልንከፍል እንጣደፋለን። በስልካችን «ባሕሩ ሜዳ ነው» የሚል ደላላም አይጠፋም። ከመዝለላችን በፊት አባባ የጠየቁኝን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ዝናቡ የት ነው የዘነበው? ውሃው በእርግጥ ወደ እኛ ነው የሚመጣው? ከመጣስ የምንይዘው ነው ወይስ የምናሳልፈው?

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደውሎ ነበር። ስለ ሰርፊንጉ ነገርኩት፤ ሰዎች ታይፉን እየተከታተሉ በደስታ ባሕር እንደሚገቡ። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «ዳሩን ያውቁታላ» አለኝ። ከዚያ ስለ ማሽላው ጠየቀኝ፤ ክትሩ እንደገና ተሠርቶ እንደሆነ። በጥር እንደምንሠራው ስነግረው «ትንሽ ወደ ላይ አድርጉት፣ ከድንጋዩ በላይ» አለ። የሚመለስ ሰው ይመስል ነበር አነጋገሩ። አላህ በሰላም ይመልሰው፤ የሁላችሁንም በየአገሩ ያሉትን ወንድሞችና እህቶች በሰላም ይመልስ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።